ቆርቆሮ አይሸሽም

ጥቅምት 9 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥህ፣ ከክፉ ዐይን ይሰውርህ፣ አፍህንም ይሰብስብልህ። እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ባልሆንም ደኅና ነኝ እንደምል ታውቃለህ።

ይህን የምትጽፍልኝ ከሱቄ አጠገብ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቆርቆሮ ግን ከእኔ ወዲያ ያነበበ የለም። እሷ ያልኳትን ትጽፋለች፤ ያላልኳትን ብትጨምር መርፌዋን እሰብራለሁ። ይህንንም ልጻፈው ወይ ትለኛለች። ጻፊው።

አክስትህ ከሞተች ስምንት ወር ሆነ። አልመጣህም። ለምን አልመጣህም ብዬ አልጠይቅህም፤ ምክንያት ያለው ሰው ሳይጠየቅ ይናገራል።

የማስጽፈው ለሌላ ነው። የዐሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሳለህ፣ ያንን ቴፕ ከቀለም ጣሳዎቹ ኋላ ደብቀህ የመዶሻዬን ድምፅ ስትቀዳ ያዝኩህ። "ምን ያደርግልሃል?" ብልህ፣ "ምት ነው ጋሼ፣ ዘፈን እሠራበታለሁ" አልከኝ። ሳቅኩብህ። በዚያው ካሴት ላይ አክስትህ አለች። ለምሳ ልትጠራን መጥታ፣ እንደ ልማዷ የሱቁን በር በጭልፋ ሦስቴ መታችው፤ ሁለቱን ቶሎ ቶሎ፣ ሦስተኛውን ቆየት አድርጋ። ከዚያ "እናንተ! ኑ ብሉ! ቆርቆሮ አይሸሽም!" አለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ነው የጠራችኝ።

ያንን ይዘህ ሄደህ ዘፈን አደረግከው። ሰው አወቀህ፤ ስምህንም "ቆርቆሮው" አልክ። እንግዲህ ዘፈን ካላችሁት ይሁን። ለእኔስ አንድ ሰው እየሮጠ ጎረቤቱን የሚሳደብ ነው የሚመስለኝ። እሷ ግን ወደደችው። ከጎረቤት ባለ ሱቅ ሬዲዮ ስትሰማው "ይኼ ልጅ ጫጩት አደረገኝ!" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እውነቷን ነው፤ ድምፅዋን አፍጥነህ፣ አቅጥነህ፣ ጫጩት አድርገሃታል። ላገኘችው ሰው ሁሉ "ያቺ እኔ ነኝ" ትል ነበር። ማንም አላመናት።

ጫጩቷን አልፈልግም። ሴትዮዋን ላክልኝ። ካሴቱን፣ ሳትነካካው፣ እንዳለ። ክረምት ሳይገባ ይድረሰኝ።

ቆርቆሮስ አይሸሽም። የሚሸሽ ሰው ነው።

አጎትህ

ኅዳር 28 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በጣም ደኅና ነኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ እጅዎን የሳምኩ ያህል ነው የተሰማኝ፤ ቢቆነጥጠኝም።

ስልክ ስደውልልዎ "ማነው? ማነው?" ይሉና ይዘጉብኛል። እኔ ነኝ ብዬ ብጮኽም ይዘጉታል። ተቀይመውኝ እንደሆነ ይገባኛል።

ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት። አዲሱ አልበም ሊያልቅ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ዘፈን። ምቱንም ግጥሙንም ብቻዬን ነው የሠራሁት። ለሌሎች ራፐሮችም ሙዚቃ ስለማቀናብር ቀና የምልበት ጊዜ የለኝም። የአክስቴ የእታለም ካሴት ስቱዲዮ ውስጥ በክብር ተቀምጧል፤ ፋታ ሳገኝ እልክልዎታለሁ። እስከዚያው ጥቂት ብር ልኬያለሁ፤ ጣራውን ያስጠግኑበት።

ሌላ የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ያስጽፉልኝ።

ልጅዎ

ታኅሣሥ 14 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ጤናህን አያጉድልብህ፤ ልብም ይጨምርልህ።

ጣራውን አስጠግንበት አልከኝ? የቆርቆሮ ሠሪን ጣራ? ልብስ ሰፊዋ ስታነብልኝ መቀሷ ከእጇ ወደቀ። ብርህን ለእሷ ሰጠኋት፣ የስፌት መኪናዋ ተሰብሮ ነበር። እኔ የጠየቅኩህ ሌላ፣ አንተ የላክኸው ሌላ።

አልበም ሊያልቅ ነው ትላለህ። አምናም ሊያልቅ ነበር። እኔ ባልዲ ሊያልቅ ነው ካልኩ በማግሥቱ ውሃ ይቀዳበታል። ደግሞም በዚህ ዓመት ብቻ አድራሻህ ሦስቴ ተቀየረ። ሰው ሲያልፍለት ቤት ይሠራል እንጂ ቤት አይቀያይርም። እኔ ማንበብ ባልችል መቁጠር የማልችል መሰለህ?

ስለ ስልኩ፣ ስልክ የሰነፍ ደብዳቤ ነው። አልወደውም። በቃ።

የሱቁን ወሬ ከፈለግክ ይኸው። ባለፈው ሳምንት አንድ የውሃ ታንከር አፈሰሰ ተብሎ ተመለሰልኝ። በአርባ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው። ስፌቱ መግጠሙን ድሮ በድምፁ ነበር የማውቀው፤ መዶሻው ላላ ያለ ቦታ ላይ ሲያርፍ ይነግረኛል። አሁን በእጄ እየዳበስኩ ነው። ለሰውዬው "ታንከሩ ደኅና ነው፣ ውሃህ ነው የቀጠነው" አልኩት። አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም።

ፋታ ሳገኝ አትበለኝ። እኔም ፋታ የለኝም።

አጎትህ

የካቲት 20 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ጤናና ሰላም ከእርስዎ አይራቅ። ዝምታዬ ስለረዘመ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን ደብዳቤ አራቴ ጀምሬ አራቴ ቀድጃለሁ።

ባለፈው የጻፍኩልዎ ውሸት ነው። አልበሙ አለ፤ የሚያወጣው ሰው ግን የለም። ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። እዚህ እንደመጣሁ የማድረው ከአንድ ባለ ስቱዲዮ ምድር ቤት ነበር። ገመድ እጠቀልላለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ፤ ዘፋኞቹ ሲወጡ ማሽኑ ላይ ተቀምጬ ምት እሠራለሁ። የመዶሻዎን ድምፅ ቆራርጬ ከበሮ አደረግኩት። አንድ ቀን ባለ ስቱዲዮው ሰማና "ይኼን ደረቅ ምት ከየት አመጣኸው?" አለኝ። "ከአጎቴ ክንድ" አልኩት። ከዚያ ወዲያ ለስንቱ ራፐር ሠራሁ። ቆይቼ እኔም ማይክ ጨበጥኩ። እታለምን ያስገባሁባት ዘፈን ስትወጣ ደግሞ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመድረክ አልወረድኩም።

በዚያ ሞቅታ ላይ ባለ ስቱዲዮው ወረቀት አመጣልኝ። ሳላነብ ፈረምኩ። እኔ፣ ፊደል የቆጠርኩት! ዘፈኑም፣ ድምፁም፣ የተቀዳበት ካሴትም የእሱ ነው ይላል። ቀጥሎ የሠራሁት አልተወደደም፤ ከዚያ ቀጥሎ የሠራሁትም። ሰው "እንደ ድሮው አድርግ" ይለኛል፤ እንደ ድሮው ሳደርግ "ይኼማ ድሮ ነው" ይለኛል። ከባለ ስቱዲዮው ጋር ክፉኛ ተጣላን። ያንን በር ዳግመኛ አላንኳኳም ብዬ ማልኩ።

አሁን ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ካርቶን እሸከማለሁ። ክፍሌ ውስጥ አንድ አልጋና አንድ ኮምፒውተር አለ። ጎረቤቶቼ ግድግዳ ስለሚመቱብኝ በጆሮ ማዳመጫ ነው የምሠራው። ዐሥራ ሁለቱን ዘፈን ከእኔ በቀር የሰማቸው ሰው የለም። ከእነሱ ሌላ ተስፋ የለኝም።

ጋሼ፣ እባክዎ ሌላ ነገር ይጠይቁኝ።

ልጅዎ

መጋቢት 8 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ከሸክም ይጠብቅህ፤ ወገብህን ታጠቅ፣ ካርቶን ስታነሣ በጉልበትህ ነው እንጂ በወገብህ አይደለም።

ካርቶን መሸከም ነውር አይደለም። ነውሩ አልበም ሊያልቅ ነው ማለትህ ነው።

ሌላ ነገር አልጠይቅህም። እኔ ስፈርም ጣቴን ቀለም ነክሬ ነው። በዚህ ጣት ዕቃ ሸጫለሁ፣ መሬት ሸጫለሁ። ሰው ሸጬ አላውቅም። አንተ በሚያምር የእጅ ጽሑፍህ ያሳደገችህን ሴትዮ ድምፅ ሸጥክ። ልብስ ሰፊዋ "ይኼስ ይቅር፣ ይከብደዋል" ትለኛለች። ይክበደው። ጻፊው።

ምለሃል አሉ። ማለ አይባልም፤ ኮራ ነው የሚባለው። ኩራትን ከእኔ ተማርከው፤ እኔን አታስተምረኝ። ሂድና አንኳኳ።

አጎትህ

ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው እኔ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። ወንድሜ፣ ሽማግሌው ማንበብ ስለማይችል ይህን እንደጨመርኩ አያውቅም፤ እባክህ እንዳታጋልጠኝ። ስልክህን የሚዘጋው ተቀይሞህ አይደለም። አይሰማህም። ጆሮው እየሄደ ነው፤ የመዶሻው ጩኸት ነው የጎዳው። ሐኪም ቤት ይዤው ሄጄ ነበር። "የሴትና የሕፃን ድምፅ አስቀድሞ ይሄዳል፣ ቀሪውም ብዙ አይቆይም" አሉን። እሱ ግን ማሽን አልገዛም ብሎ ላምባ መቅጃ የመሰለ የቆርቆሮ ቀንድ በገዛ እጁ ሠራ። ጠባቡን ጫፍ ጆሮው ውስጥ ይከታል፣ እኔ በሰፊው አፍ እጮኽበታለሁ። ደብዳቤህን የማነብለት እንዲህ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ምስጢርህን ያውቃል፣ አትፍረድብኝ። ካለፈው ወር ወዲህ ቃሌን ግማሽ በግማሽ ነው የሚይዘው፤ ድምፄን እንደ ወንድ ካላጎረነንኩ አይሰማኝም። የእሷን ድምፅ እሰማለሁ ብሎ ነው የሚጠብቅህ። የምትልክ ከሆነ አሁን ላክ።

ግንቦት 2 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

ጤናዎንና ጉልበትዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ።

ሄድኩ፤ አንኳኳሁ። ባለ ስቱዲዮው በሩን ከፍቶ "ቆርቆሮው! ሳትዝግ መጣህ?" አለኝ። ካሴቱን ስጠይቀው "ምን ይዘህ መጣህ?" አለኝ። ያለኝን ይዤ ነበር፤ ዐሥራ ሁለቱን ዘፈን። አንድ አዲስ ልጅ አለው፣ መልኩና ድምፁ የሚያምር፣ ግጥም ግን ጠብ የማይልለት። ዘፈኖቼን የእኔ ናቸው ብሎ ያወጣቸዋል፤ ስሜ የትም አይጻፍም። ፈረምኩ። አሁን ግን አንብቤ ነው። ካሴቱን ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠኝ። ጥጉ ላይ ከቀለም ጣሳዎ የተንጠባጠበ አረንጓዴ ነጥብ አለ፤ ረስቼው ነበር።

ምክንያት ያለው ሰው ሳይጠየቅ ይናገራል ብለውኝ ነበርና ልናገር። መሞቷን የሰማሁት መድረክ ጠርዝ ላይ ቆሜ፣ ስሜ እየተጠራ ነው። ትንሽ አዳራሽ ነበር፤ የቀረኝም እሱ ብቻ ነበር። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ቁልፉን ስጫነው እሷ ወጣች፤ "ቆርቆሮ አይሸሽም!" ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ከእሷ ጋር እየጮኸ ይዘላል። መሞቷን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ፤ አንድ ስንኝ አልወጣም። ከዚያን ቀን ወዲህ መድረክ አልረገጥኩም። ወደ ቤትስ በምን ፊቴ ልምጣ?

ዋናውን ካሴት ልኬልዎታለሁ። አርጅቶ ድምፁ ስለደከመ በአዲስ ካሴትም ገልብጬዋለሁ። በአዲሱ አንደኛ ፊት ላይ እታለም እንዳለች ናት፤ አልነካኋትም። በሁለተኛው ፊት ድምፅዋን ወደ ታች አውርጄ አወፍሬዋለሁ፤ ለአሮጌ ቴፕ እንዲህ ይሻላል ብዬ ነው። ያኔ ጫጩት ያደረግኋት አንዲት ቁልፍ አዙሬ ነበር፣ እየሳቅኩ። በዚያችው ቁልፍ ሳወርዳት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጥቂት ሳወርዳት አትበቃም፤ ብዙ ሳወርዳት እሷ አትሆንም። የቱ ጋ ስደርስ እሷ መሆኗን እንደምትተው እኔ አላውቅም። እርስዎ ያውቃሉ።

ልጅዎ

ሰኔ 17 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ዕቃው ደረሰኝ። ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፣ ካርቶንህን ያቅልልልህ።

አስቀድሜ አንድ ነገር። ለአሮጌ ቴፕ እንዲህ ይሻላል ያልከው ውሸት፣ ልጅ ሳለህ እንደሠራሃት ባልዲ ነው፤ ከሩቅ ያፈስሳል። ልብስ ሰፊዋ ነግራሃለች። ስጠይቃት ድንገት ስፌት እንዳለባት ትዝ አላት። ይህንንም ጻፊ አልኳት፤ ይኸው አንገቷን ደፍታ እየጻፈች ነው።

አዎን፣ ጆሮዬ ሄዷል። በሥራ የሄደ ጆሮ ነው፣ አላፍርበትም። ካላፈርክበት ለምን ደበቅከው ብትለኝ፣ እሱን ልነግርህ ነው።

እሷ የሞተች ቀን ሱቅ ነበርኩ። ተኝታ ነበር፣ ግን ሕመሟ የወትሮው መስሎኝ። ለአንድ ሰው አሸንዳ ላስረክብ ቀጥሬ ነበር። ቤቱንና ሱቁን የሚለያቸው አንድ ግድግዳ መሆኑን ታውቃለህ። ስትፈልገኝ እንድትጠራኝ ጭልፋዋን አልጋዋ አጠገብ አስቀምጬላት ነበር። ጠራችኝ። ብዙ ጠራችኝ አሉ፤ ግድግዳውን መታች፣ ደግማ መታች። ልብስ ሰፊዋ ከሱቋ ሆና ሰምታ፣ ሮጣ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ቆርቆሮ አጥፋለሁ። ስደርስ አልቋል።

አንተ መድረክ ወጣህ፤ እኔ አሸንዳ ጨረስኩ። ከሁለታችን ማን ማንን ይወቅሳል? ስለዚህ ሰው ሸጥክ ያልኩህን መልሼዋለሁ። ዐሥራ ሁለቱን ዘፈንህን ለእኔ ብለህ ሰጠህ። አመሰግናለሁ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ልብስ ሰፊዋ አጻጻፉን ታውቀው ይሆናልና ትጻፈው። አመሰግናለሁ። ያ ልጅ ዘፈንህን በሬዲዮ ሲያሰማ እጄን ሬዲዮው ላይ አደርጋለሁ። ምቱ የማን እንደሆነ መዳፌ ያውቃል።

አሁን ስለ ካሴቱ። ልብስ ሰፊዋ ቴፕ ተውሳ አመጣች። የቀንዱን አፍ ድምፅ ማጉያው ላይ ገጠምኩ፣ ጫፉን ጆሮዬ ውስጥ። አንደኛው ፊት። መዶሻዬ መጣ፣ በጆንያ እንደተጠቀለለ ሆኖ። ያኔ ክንዴ ክንድ ነበር! ከዚያ መዶሻው ቆመ። ከዚያ ምንም። ቀና ብዬ ልብስ ሰፊዋን አየኋት፤ አፏን በእጇ ይዛ እንባዋ ይወርዳል። አክስትህ እየተናገረች መሆኑን ያወቅኩት በዚያ ነው። ከዚያ መዶሻው ቀጠለ።

ሁለተኛውን ፊት ገለበጠችው። መዶሻው ሲቆም አንድ ጎርናና ሰውዬ "እናንተ፣ ኑ ብሉ" ይላል። ማነው ይኼ? አልኩ። ሳቄ መጣ። መጀመሪያ ጫጩት አደረግሃት፣ አሁን ኮርማ አደረግሃት፤ አንተ ልጅ ሴት የምታደርጋት መቼ ነው? አልዋሽህም፤ እሷ አይደለችም። የደከምክበትን አውቃለሁ፣ ግን እሷ አይደለችም።

ድገሚው አልኳት። ደገመችው። ደግሞ ድገሚው አልኳት። በሦስተኛው ከሰውዬው ድምፅ በፊት ያለውን ያዝኩ። ጭልፋው። ዱብ ዱብ፤ ከዚያ ቆየት ብሎ፤ ዱብ። ያቺን ቆየት ማለት ማንም አይችላትም። የእሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልብስ ሰፊዋ ናት የነገረችኝ፤ እኔ ልብ አላልኩም። ቀንዱን አስቀምጬ ተነሣሁ። ሽርጤን ፈትቼ ሰቀልኩ። ከበርሜሉ ውሃ ቀድቼ እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ፣ እሷ ካልታጠብክ ማዕድ አትቀርብም እንደምትለው። በሩን ከፍቼ ወደ ቤት ገባሁ።

ጠረጴዛው ባዶ ነበር። አልጋው ተነጥፏል። እጄ በራሱ እስኪደርቅ እዚያው ቆምኩ።

አጎትህ